ላለመብረር የተተከለ ክንፍ

ኦበርንና ኬንት በሚጎራበቱበት ኮረብታ ላይ፣ በረጃጅም ዛፎች የተከበበ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ አለ። ፓስፊክ ሬስዌይስ ይባላል፤ የተከፈተው በ1960 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአንድ የኦበርን ቤት ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ፣ እናት «እነዚያ እብዶች ደግሞ ጀመሩ» ትላለች። አባት ግን በሐምሌ ወር አንድ ቅዳሜ የአሥራ አራት ዓመት ልጁን ይዞ ወደ እብዶቹ ዘንድ ሄደ። ሰውየው ለብዙ ዓመታት የአውሮፕላን ክፍል ሲሠራ የኖረ ነው።

«አባዬ፣ መኪና ክንፍ ምን ያደርግለታል? ሊበር ነው እንዴ?» አለ ልጁ።

«እንዳይበር ነው እንጂ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውሮፕላን ክንፍ በላዩ የሚያልፈው አየር ግፊቱ ሲቀንስ፣ በሥሩ ያለው ስለሚበልጥ ወደ ላይ ይነሣል። ያንኑ ክንፍ ገልብጠው መኪና ላይ ሲተክሉት ደግሞ ወደ ታች ይጫናል። ጎማው አስፋልቱን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ሾፌሩም ኩርባውን በፍጥነት ይዞራል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል። በነፃ ግን አይደለም፤ ያው ክንፍ በቀጥታው መንገድ ላይ መኪናውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

ይህ ዛሬ ቀላል ይመስላል። ለብዙ ዘመን ግን መሐንዲሶቹ የሚጨነቁት መኪናውን እንደ ዓሣ አሹለው አየሩን ስለ መሰንጠቅ ብቻ ነበር። በ1928 ፍሪትዝ ፎን ኦፔል በርሊን ላይ በሮኬት የሚገፋ መኪና በሰዓት 238 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ በግራና በቀኝ ወደ ታች የሚጫኑ ክንፎች ነበሩት፤ ሐሳቡ ግን ተረሳ። በ1956 ሚካኤል ማይ የተባለ ወጣት መሐንዲስ ፖርሸው ላይ ክንፍ ተክሎ ኑርቡርግሪንግ ቢቀርብ፣ ከኋላ የሚመጣውን ሾፌር እይታ ይጋርዳል ተብሎ አስነቀሉት። አሥር ዓመት ቆይቶ በ1966 የቴክሳሱ ጂም ሆል ቻፓራል በተባለው መኪናው ላይ ከፍ ያለ ክንፍ አቆመ። ሾፌሩ በእግሩ ፔዳል ይረግጥና በቀጥታው መንገድ ላይ ክንፉን ያስተኛዋል፤ እግሩን ሲያነሣ ክንፉ ለኩርባው መልሶ ያጋድላል። ከዚያ በኋላማ ሁሉም ተሯሯጠ።

ሩጫው ግን ጥናት ቀድሞታል። በግንቦት 1969 ባርሴሎና ላይ የሁለቱ የሎተስ መኪኖች የኋላ ክንፍ በየተራ ተሰበረ። ግራሃም ሂል በእግሩ ወጣ፣ ዮኸን ሪንት ቆሰለ፤ በዚያው ወር ሞናኮ ላይ ረጃጅም ክንፎች ታገዱ። ሎተሶች ተስፋ አልቆረጡም፤ ክንፉን ወደ ሥር አወረዱት። የመኪናውን ሆድ እንደ ተገለበጠ ክንፍ ቀረጹት፣ ጎንና ጎኑን አየር እንዳያስገባ ጋረዱት፣ መኪናው መሬቱን እንደ ቬንቶሳ መጠጠው። ማሪዮ አንድሬቲ በ1978 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚህ ነው። ክፋቱ፣ መጋረጃው አንዴ ከመሬት ከተነሣ ጫናው ባንዳፍታ ይጠፋል፤ ስለዚህ በ1983 የመኪናው ሆድ ጠፍጣፋ እንዲሆን ታዘዘ። በ2022 ሲመለስ ደግሞ መኪኖቹ መንጠር ጀመሩ፣ ሾፌሮቹም ጀርባችን አለቀ አሉ።

ልጁን ከሁሉ ያስደነቀው የ1999ኙ የለ ማን ታሪክ ነው። የመርሴዲስ መኪኖች ከፍ ባለ የመንገዱ ወገብ ላይ አፍንጫቸው ቀና ሲል አየር በሥራቸው ገባና ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ተገለበጡ። አንደኛው በውድድሩ መሐል አጥሩን ዘልሎ ዛፍ ውስጥ ወደቀ። ሾፌሮቹ ተርፈዋል፤ ተአምር ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «መኪና እንዲህ ከበረረ፣ አውሮፕላንስ እንደ መኪና ወደ ታች ይጫናል?» አለ።

አባት ቶሎ አልመለሰም። መጋቢት 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሥቶ ስድስት ደቂቃ ሳይሞላው ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። የቦይንግ 737 ማክስ አፍንጫው ወደ ነፋሱ ምን ያህል እንደ ቀና የሚለካው አንዱ መሣሪያ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ፤ ኮምፒዩተሩ አምኖ የጭራውን ክንፍ አዘነበለ። ጭራው ወደ ላይ፣ አፍንጫው ወደ ታች። አብራሪዎቹ ቢታገሉም ፍጥነቱ በርትቶ፣ ነፋሱ ክንፉን ከእጃቸው ኃይል በላይ አድርጎታል። ያው ሕግ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ፣ ጫና አራት እጥፍ።

«ይጫናል» አለ አባት በመጨረሻ። የሆነውን ሁሉ በአማርኛ ነገረው፤ ያልገባውን ቃል በእንግሊዝኛ ደገመለት።

ልጁ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ መዳፉን ወደ ነፋሱ ዘረጋ፤ ቀና ሲያደርገው እጁ ተነሣ፣ ሲደፋው ወረደ። አባት በልጅነቱ ወደ ናዝሬት በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ይህንኑ ሲያደርግ ረዳቱ «አንተ ልጅ፣ እጅህን አስገባ!» ብሎ ጮኾበት ነበር። እሱ ግን መኪናውን ቀስ አድርጎ፣ ኦበርን እስኪገቡ ዝም አለው።