መስከረም ሲጠባ ወደ እንጦጦ

አንባቢዬ ሆይ፥ ዘመን በተለወጠ ቁጥር ሁላችንም አንድ ነገር ማሰባችን አይቀርም። ተማሪው «ዘንድሮስ ከክፍሌ አንደኛ እወጣለሁ» ይላል። ጸሐፊው ደግሞ «ዘንድሮስ ከደመወዜ ጥቂት እያስቀመጥሁ የማታ ትምህርቴን እጨርሳለሁ» ይላል። የዋዜማው ችቦ ሲቀጣጠል፥ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው በየደጁ ሲዘፍኑ፥ እንዲህ ማለት ቀላል ነው። ዳሩ ግን ከዕንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ያለው ጊዜ ከሁለት ሳምንት እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን፥ ደመራው ሲለኰስ ከዚያ ሁሉ ሐሳብ ስንቱ አብሮ እንደሚነድ የእያንዳንዳችን ልብ ያውቀዋል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የምመክርህ ምክር እንድትሰማ አይደለም፤ ተራራ እንድትወጣ ነው። ተራራውም ሩቅ አይደለም። በየቀኑ ከቢሮህ ወይም ከክፍልህ መስኮት የምታየው እንጦጦ ነው። ስለ ዓመት ሐሳብ ከእርሱ የበለጠ የሚያስተምር ቦታ በአዲስ አበባ ዙሪያ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

መንገዱ

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከአራት ኪሎ ተነሥና ወደ ስድስት ኪሎ ውጣ። ክረምቱ ገና ጠቅልሎ አልወጣምና ጋቢ ወይም ካፖርት መያዝህን አትርሳ። ስድስት ኪሎ ስትደርስ የዩኒቨርሲቲውን ግቢ ታልፋለህ፤ ይህ ግቢ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረ፥ በ1954 ዓ.ም. ግን የተማሪ ቤት ሆኖ የተከፈተ ነው። ከዚያ ወደ ሽሮ ሜዳ ትዘልቃለህ። በበዓል ሰሞን ሽሮ ሜዳን ማየት ራሱ አንድ ደስታ ነው። ነጠላው፥ ኩታው፥ ጋቢው፥ ባለ ጥበቡ ቀሚስ በየሱቁ ደጃፍ ተንጠልጥሎ መንገዱን ያደምቀዋል። እግረ መንገድህንም ይህን ልብ በል፤ ሸማኔ ድሩን ሳይዘረጋ ማግ አይወረውርም። ሥራው የሚያምረው በጥለቱ ቢሆንም፥ የሚጠናው ዐይን በማያየው በድሩ ነው።

ከሽሮ ሜዳ በላይ መንገዱ ዳገት ይሆናል፤ ትንፋሽ ያጥራል። የእንጦጦ ከፍተኛው ቦታ ወደ 3,200 ሜትር ስለሚጠጋ ሳንባህ ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። ቀስ ብለህ ሂድ። በዚያ ሰዓት በአጠገብህ እየሮጡ የሚያልፉህን ወጣቶችም ለማየት ቁም። ብዙ ሯጮች ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ወደዚህ ተራራ የሚመጡት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው፤ እዚህ የለመደ ሳንባ ቆላ ሲወርድ ይቀለዋል።

አበበ ቢቂላ በሮማ ኦሊምፒክ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ፥ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የጨረሰበትን ቀን ታስታውስ እንደሆነ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር። በሮማ ችቦ የያዙ ወታደሮች የጨለመውን ጐዳና ሲያበሩለት፥ በአገሩ ደግሞ የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ የሚበራበት ሌሊት ነበር። እኛ ሐሳባችንን በምንጀምርበት ሰዓት እርሱ የእርሱን ፈጸመ ማለት ነው። የዋዜማ ድል የሚገኘው በዋዜማ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምስክር አልፈልግም።

የወረደው ከተማ

ከላይ ስትደርስ ስምንት ማዕዘን ያላት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትቀበልሃለች። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡት በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. እዚህ ነው። ወደ ደቡብ ዞረህ ብትመለከት፥ ጉሙ የገለጠ እንደሆነ፥ ከተማው በሙሉ ከእግርህ በታች ተዘርግቶ ይታያል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ከተማው ለምን እዚያ ታች ሆነ? እዚህ ላይ ስለ ምን አልሆነም? በ1870ዎቹ ዓ.ም. ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ዋና ከተማቸውን የመሠረቱት በዚህ በእንጦጦ ነበር። ለጦር ዘመን እንዲህ ያለ ቦታ አይገኝም፤ ጠላት ከየትም ቢመጣ ከሩቅ ይታያል። ነገር ግን አገሩ ሰላም ሲሆን የአምባው ችግር ተገለጠ። ብርዱ ጽኑ ነው፤ ነፋሱ አያስቀምጥም፤ ማገዶው እያለቀ ሄደ፤ ስንቁ ሁሉ ዳገቱን እየወጣ መምጣት ነበረበት። እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውሃው አጠገብ ያለውን ለምለም ሜዳ ወደዱት። በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠራበት፤ ስሙም አዲስ አበባ ተባለ።

አንባቢዬ፥ ብዙ የዓመት ሐሳብ የሚሞተው እንጦጦ ላይ ስለሚሠራ ነው። ከፍ ያለ ነው፤ ከሩቅ ይታያል፤ ለወዳጅ ሲያወሩትም ያምራል። ማገዶና ውሃ ግን የለውም። አንድ መሥሪያ ቤት በጀት ያልተያዘለትን ሥራ በዕቅዱ ውስጥ ቢጽፍ ምን እንደሚሆን፥ አንተ የመንግሥት ሠራተኛ የሆንህ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ የእኛ የግል ዓመት መስከረም 1 ቀን። መንግሥት ገንዘቡን ሳይመድብ ሥራ አይጀምርም፤ እኛ ግን ሰዓቱንም ብሩንም ሳንመድብ «ዘንድሮስ!» እንላለን።

መውረድም ውርደት አይደለም። ምኒልክ ዘውድ ሲጭኑ ታችኛው ከተማ ተቈርቁሮ ነበር፤ ከአምባው በመውረዳቸው ዘውዱ አልቀነሰባቸውም። «በዓመት አምሳ መጽሐፍ አነባለሁ» ያለ ሰው ወደ አሥራ ሁለት ቢወርድና ቢፈጽማቸው፥ አምባ ላይ ከሚያድር ሕልም ሜዳ ላይ የቆመ ቤት አገኘ ማለት ነው።

የባሕር ዛፉ ነገር

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አዲስ አበባም ብዙ ሳትቈይ ማገዶ ቸገራት። ምኒልክ ከተማውን እንደ ገና ለማዛወር አስበው በስተምዕራብ በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር፤ ያ ቤት ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማችን ከመሰደድ የዳነችው በአንድ ችግኝ ነው። ከአውስትራልያ ምድር የተገኘው ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ወደ አገራችን ገባ፤ ቶሎ የሚያድግ፥ ተቈርጦም ከጉቶው የሚያቈጠቍጥ ስለሆነ ሕዝቡ በየግቢው ተከለው። ዛሬ በመንገድህ ግራና ቀኝ የምታየው ያው ነው።

ይህ የትዕግሥት ትምህርት ነው፤ ችግኝ የተከለ ሰው በዚያው ዓመት ምጣድ አያሰማበትም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ሌላም ያስተምራል። ውሃ በብዛት ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። ስለዚህ በእንጦጦ በጽድና በወይራ፥ በሌሎችም አገር በቀል ዛፎች የመተካት ሥራ ሲሠራ ቈይቷል፤ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን ፓርክ ስታልፍ ይህን አስብ። ሐሳብህም እንዲሁ ነው። ምን ይሰጠኛል ብለህ ብቻ አትጠይቅ፤ ምን ይጠጣብኛል ብለህም ጠይቅ። ሲሶ ደመወዙን በገጠር ላለች ታናሽ እኅቱ ትምህርት የሚልክ ጸሐፊ፥ ለራሱ የማታ ትምህርት ብሎ ያንን ቢያቋርጥ ዲፕሎማው ይደርሳል፤ ከሥሩ ግን አንዲት ችግኝ ትደርቃለች። እርሷን ሳያቋርጥ በሁለት ዓመት ፋንታ በሦስት ዓመት ቢጨርስ ማንም አይጐዳም።

ሁለቱ ጠብታዎች

ከመውረድህ በፊት ወደ ተራራው ጀርባ፥ ወደ ሱሉልታ ዞረህ ተመልከት። የእንጦጦ ሸንተረር የሁለት ታላላቅ ወንዞች ድንበር ነው። በሰሜን ጐኑ የወደቀው ዝናብ ወደ ሙገር፥ ከሙገርም ወደ ዓባይ ገብቶ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራንያን ባሕር ይደርሳል። በደቡብ ጐኑ የወደቀው ግን በቀበናና በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ፥ በጅቡቲ ወሰን ባለው በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ሁለቱ ጠብታዎች ከሰማይ ሲወርዱ በመካከላቸው የአንድ እርምጃ ልዩነት ብቻ ነበር።

አዋሽን አላንቋሽሽም፤ ስንቱን እርሻ የሚያጠጣ እርሱ ነው። የምልህ ሌላ ነው። ዋናው ነገር የጠብታው ትልቅነት አልነበረም፤ የወደቀበት ጐን ነው። «እንግሊዝኛ እማራለሁ» ያለና «ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት አንድ ገጽ አንብቤ አንድ ገጽ እጽፋለሁ» ያለ፥ በመስከረም 1 ቀን አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው። በሚቀጥለው ጳጉሜን ግን አይገናኙም።

ስለዚህ እዚያው ሸንተረሩ ላይ ድንጋይ ፈልገህ ተቀመጥና ደብተርህን አውጣ። ከሦስት የማይበልጥ ሐሳብ ጻፍ። በየሐሳቡ ፊት ደግሞ ሦስት ነገር ጨምር፤ ወደ የትኛው ባሕር እንደሚወስድህ፥ ማገዶው ከየትኛው ሰዓትህና ከየትኛው ብርህ እንደሚመጣ፥ ምን እንደሚጠጣብህ። ማገዶ ያጣህለትን ሰርዘው፤ የሌላውን ሰው ምንጭ የሚያደርቀውን አሻሽለው። የቀረው አንድ ብቻ ቢሆን አትዘን።

የሒሳቡም ቀን ተቀጥሮልሃል። አባቶቻችን በዓመቱ መጨረሻ አምስት ቀን፥ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን ለይተው ጳጉሜን ብለው ሰጥተውናል። ያን ጊዜ ያቺን ገጽ ገልጠህ ማንም ሳያይህ ከራስህ ጋር ተሳሰብ። እስከዚያው ግን ዳገቱን በወጣህበት እርምጃ፥ ሳትቸኵል፥ ወደ ከተማው ውረድ፤ ቢሮውም ትምህርት ቤቱም ያለው ታች ነው።

መልካም አዲስ ዓመት ይሁንልህ።