ጎንደር፤ የሁለት ትምህርት ቤቶች ከተማ

በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ምደባ በታወቀ ጊዜ «ልጃችን ለጎንደር ተመደበ» የሚል ወሬ ከብዙ ቤት ይሰማል። አባት የመንገዱን ርቀትና ሰላሙን ይጠይቃል፤ እናት ስንቅ ታሰናዳለች። ልጁ የሚሔድባት ከተማ ግን ምን ዓይነት አገር እንደ ሆነች የሚነግረው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ለተማሪውም፣ ሊጠይቁት ለሚሔዱት ወላጆቹም፣ ለበዓል ለሚጓዘውም ምእመን ስለ ጎንደር ጥቂት መናገር ተገቢ ሆኖ ታይቶናል።

ጎንደር ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል በከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተ ደቡቧ የደንቢያ ሜዳና የጣና ባሕር፣ በስተ ሰሜኗ የስሜን ተራሮች ይገኛሉ። ከዐፄ ፋሲለደስ በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን በድንኳን ከተማ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወሩ ያሳልፉ ነበር። ዐፄ ፋሲለደስ ግን በ1624 ዓ.ም. የአባቶች ሃይማኖት ከተመለሰ በኋላ፣ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ፤ መንግሥቱም በዚያ ጸንቶ ተቀመጠ።

ፋሲል ግቢ የሚባለው የነገሥታቱ ሰፈር 900 ሜትር በሚሆን ቅጥር ተከቧል። በውስጡ ከሁሉ የሚበልጠው የዐፄ ፋሲለደስ ግንብ ነው። ከእርሱም ሌላ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት፣ የዐፄ ዳዊት የመዝሙር አዳራሽ፣ የዐፄ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎች በየተራቸው ይታያሉ። ሊቃውንት በግንቡ ሥራ ውስጥ የሕንድ፣ የዓረብና ከየሱሳውያን ጋር የገባው የአውሮፓ አሠራር ተዋሕዶ እንደሚገኝበት ይጽፋሉ። ልጅ ኖሮት የሚጎበኝ ሰው ይህን ቢያስረዳው መልካም ነው፤ አባቶቻችን ከውጭ የመጣውን ጥበብ ለራሳቸው በሚስማማ መንገድ ይገለገሉበት እንደ ነበር በዚህ ይታወቃልና። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም ቅርሶች መካከል ተመዝግቧል።

ከግቢው ወጣ ብሎ በቀሃ ወንዝ አጠገብ የፋሲል ጥምቀተ ባሕር አለ። በዓመት አንድ ጊዜ ከወንዙ በቦይ ውሃ እየተመራ ይሞላል፤ ታቦታቱም በከተራ ወርደው በዚያ ያድራሉ። የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከገባ ወዲህ በዓሉን ከሩቅ አገር ሰምቶ የሚመጣው በዝቶ ነበር፤ ነገር ግን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን በኩል በተነሣው ጦርነትና ኋላም በተከተለው ሁከት ምክንያት እንግዳው እጅግ ቀነሰ። በእንግዳ የሚተዳደሩ ሰዎችም ብዙ ተቸግረዋል። ስለዚህ የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ በዚያ ካሉ ሰዎች ስለ መንገዱ ጠይቆ መነሣት ይገባዋል።

በምዕራብ በኩል በኮረብታ ላይ ያለው ደብረ ፀሐይ ቍስቋም እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው። ስሙም ቅዱስ ቤተሰብ በግብጽ ስደት ያረፉበትን ቦታ ያስታውሳል። የእቴጌይቱ ቤተ መንግሥት ዛሬ ፈራርሶ ቢቆምም፣ በዘመናቸው ቍስቋም የሊቃውንትና የመጻሕፍት ቦታ ነበር።

ጎንደር ብዙ መከራ አይታለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማይቱን አቃጥለው መጻሕፍቷን ወደ መቅደላ አስወሰዱ፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ከእነዚሁ መጻሕፍት ብዙዎቹ ወደ ሎንዶን ተጓዙ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ከዚያ እሳት ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ አድያም ሰገድ ኢያሱ የተከሉት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ የአገሩ ሰዎች ንብ መንጋ ወጥቶ ጠላትን እንዳባረረ ይተርካሉ። ጣራው ከዳር እስከ ዳር በክንፋማ መላእክት ፊት ተሥሏል፤ ወደ ላይ ቀና የሚል ሁሉ ከዐይኖቻቸው ፊት የቆመ ይመስለዋል። በግድግዳው የጌታችን ሕይወትና የቅዱሳን ገድል ይታያል። በዙሪያው ያሉት 12 ግንቦች በሐዋርያት ይመሰላሉ። ሥዕሉ ያረጀ ስለ ሆነ ግድግዳውን መንካትና በብልጭታ ፎቶግራፍ ማንሣት ይጎዳዋልና፣ ልጆቻችንን አስቀድመን እንምከር።

ይህ ሁሉ ግን የሚታየው ነው። ጎንደርን ጎንደር ያሰኛት ከግንቡ ይልቅ ትምህርቷ ነው። በአታ ለማርያም የአቋቋም ምስክር ቤት ናት፤ ዜማ የተማረ ሰው መቋሚያውን፣ ጸናጽሉንና ከበሮውን በሥርዓት ለማወቅ ወደዚያ ይሔዳል። የመጻሕፍት ትርጓሜም፣ ብሉዩና ሐዲሱ፣ ሊቃውንቱና መነኮሳቱ፣ በጎንደር ጉባኤ ጸንቶ ኖሯል። ግንቡ ሲቃጠል፣ መጻሕፍቱ ሲወሰዱ ትምህርቱ ያልጠፋው፣ መምህሩ በቃሉ ይዞት ደቀ መዝሙሩም በቃሉ ስለ ተቀበለው ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ የሚያገኘውን ቍራሽ እየበላ ይማር ነበር። ዛሬም እንዲህ የሚማር አለ።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በደንቢያ የተነሣው የወባ በሽታ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበርና፣ አገሪቱ የሚያስፈልጓት በሆስፒታል የሚቀመጡ ሐኪሞች ብቻ ሳይሆኑ ወደ ገጠር የሚወርዱ ሠራተኞችም መሆናቸው ታወቀ። ስለዚህ ኮሌጁ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞችን በአንድነት አሠልጥኖ፣ አንድ ሆነው በገጠር እንዲያገለግሉ ይልክ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሐኪሞች ትምህርት ተጨመረበት፤ በ1996 ዓ.ም. የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ከግቢዎቹም አንዱ በዐፄ ፋሲል፣ ሌላው በዐፄ ቴዎድሮስ ስም ይጠራል።

እነዚህ ሁለት ትምህርት ቤቶች በአንድ ከተማ ሲኖሩ፣ ተማሪዎቻቸው ግን ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አራት ወይም ስድስት ዓመት ተቀምጦ በአታን ሳያይ ተመርቆ ይወጣል፤ የአብነቱም ተማሪ ሲታመም ሐኪም ቤት መሔድ ይፈራል ወይም ገንዘብ ያጣል። ይህ ለሁለቱም ጉዳት ነው። አንደኛው የሰውን ሥጋ ለማዳን ይማራል፤ ሁለተኛው ከጥንት የተረከበውን ቃል ለልጅ ልጅ ያስተላልፋል። የአብነት ተማሪ በተላላፊ በሽታ ቢሞት ከእርሱ ጋር የሚቀበረው የብዙ ዓመት ቃል ነው፤ በወረቀት ስላልተጻፈ የሚተካው የለም።

እንግዲህ ልጁን ወደ ጎንደር የሚልክ ወላጅ አንድ ነገር ቢያዘው እንመክራለን። በመጀመሪያው ወር ግንቡን ይይ፤ በሁለተኛው ወር ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቍስቋምን ይሳለም፤ ከዚያ በኋላ ግን በአንድ የዕረፍት ቀን ወደ ጉባኤ ቤት ሔዶ መምህሩን አስፈቅዶ ተቀምጦ ያዳምጥ። ሲሔድም ባዶ እጁን አይሁን፤ ሳሙና፣ መድኃኒት መግዣ ወይም ጥቂት እህል ይያዝ። የጤና ተማሪ ከሆነ ደግሞ ከመምህራኑ ጋር ተማክሮ በየጎጆው ያሉትን ተማሪዎች የሚያስመረምርበትን መንገድ ይፈልግ። ወላጆቹም ለምረቃ በመጡ ጊዜ ከፎቶግራፉ በፊት ያን ጉባኤ ቤት እንዲያሳያቸው ይጠይቁት።