«መደበኛ» ማለት የማን ነው?



ሚቲዮሮሎጂ እማራለሁ ስል የሚከተለው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ «እሺ፣ ዛሬ ይዘንባል?» ከመስጂድ ስንወጣ ይጠይቁኛል፣ ካፌ ወረፋ ላይ ይጠይቁኛል፣ ልብስ አጥበው ሊያሰጡ የወጡ ልጆችም ይጠይቁኛል። ቀልድ ነው፤ እኔም እስቃለሁ። ነገር ግን በዚህ ትምህርት ከቆየሁ በኋላ የገባኝ ነገር አለ። የዝናብን ነገር ማስላት ይከብዳል፤ ያሰሉትን ግን ሰው በሚገባው ቃል መናገር ከዚያም ይከብዳል። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለ እነዚህ ቃላት ነው። ለሚቲዮሮሎጂ ተማሪ ብቻ አይደለም፤ ግብርና ለምትማሩ፣ መንገድና ግድብ ለምትሠሩ፣ ነገ ጤና ጣቢያ ለምትመደቡም ነው።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ቤተሰቦቼ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። በእኛ አገር ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው የበልግ ዝናብ ከመጣ ገብሱ ይዘራል፤ ካልመጣ ዓመቱን ሙሉ የሚጎድል ነገር አለ። አንድ ዓመት በልግ ከመግባቱ በፊት አባቴ ደወለልኝ። ሬዲዮ ላይ ትንበያ ሰምቷል። «ልጄ፣ ዝናቡ ወደ መደበኛ ያደላል አሉ። ‹መደበኛ› ማለት የማን ነው? የእኔ ነው ወይስ የእናንተ?» አለኝ።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ለአባቴ መደበኛ ዝናብ ማለት ገብሱን አብቅሎ፣ አስዝቶ፣ ለአጨዳ የሚያደርስ ዝናብ ነው። ለእኛ ለተማሪዎቹ ደግሞ የ30 ዓመት መዝገብ ነው። ዓለም አቀፉ የሚቲዮሮሎጂ ድርጅት አሁን ለማነጻጸሪያ የሚጠቀመው ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለውን ነው። ስለዚህ እንዲህ አልኩት፤ «አባዬ፣ 30 የበልግ ዓመት አስብ። ዝናብ ካነሰበት እስከ በዛበት በተርታ አሰልፋቸው። ከዚያ ለሦስት ክፈላቸው። ዝናብ ያነሰባቸው አሥሩ ‹ከመደበኛ በታች› ናቸው፣ መካከለኞቹ አሥሩ ‹መደበኛ›፣ የበዛባቸው አሥሩ ‹ከመደበኛ በላይ›። ሬዲዮው የሚነግርህ ዘንድሮ ከእነዚህ ከሦስቱ ወደ የትኛው እንደሚያደላ ነው።»

ትንሽ ዝም ብሎ «ታዲያ ዕጣ ነው በለኛ» አለኝ።

«ዕጣ አይደለም አባዬ፣ ሚዛን ነው። ዕጣ ለሁሉም እኩል ነው። ይኼ ግን ወደ አንዱ ያዘነብላል፤ ቢሆንም ሌሎቹን አይዘጋቸውም።»

ለምሳሌ ትንበያው ለከመደበኛ በላይ 45፣ ለመደበኛ 35፣ ለከመደበኛ በታች 20 በመቶ ቢሰጥ ብዙ ሰው የሚሰማው «ዘንድሮ ዝናብ ይበዛል» የሚለውን ብቻ ነው። ነገር ግን 20 በመቶ ማለት ከአምስት አንድ ነው። አምስት በሬ ካለህና አንዱ ሊታመም እንደሚችል ከተነገረህ ዝም ብለህ አትተኛም። አባቴ ይህን ሲሰማ ዘሩን ለሁለት ከፈለው፤ ግማሹን በመጀመሪያው ዝናብ ሊዘራ፣ ግማሹን ጎተራ ሊያቆይ ወሰነ። እኔ ዝራ ወይም አትዝራ አላልኩትም። ቃሉን ብቻ ፈታሁለት፤ ውሳኔው የእርሱ ነው።

ቀጥሎ የጠየቀኝ ደግሞ ሌላ ቃል ነበር። «መጠኑስ ይሁን፤ ግን በአንድ ሳምንት ወርዶ ቢቆርጥብኝስ?» እዚህ ላይ መጠንና ሥርጭት ይለያያሉ። የወቅቱ ጠቅላላ ዝናብ መደበኛ ሆኖ ሳለ፣ በመካከሉ ሦስት ሳምንት ደረቅ ከሆነ ቡቃያው ይሞታል። ስለዚህ ትንበያ ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ አገባቡ መቼ ነው፣ ሥርጭቱ እንዴት ነው፣ አወጣጡስ? መጠኑን ብቻ የሰማ ሰው ወሬውን ግማሽ ነው የሰማው።

መጠኑ ራሱ የሚለካበት ሚሊ ሜትርም ሰውን ግራ ያጋባል። ዝናብ እንዴት በማስመሪያ ይለካል? ቀላል ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ሩብ ሄክታር ማሳ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 25,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ቢሆን 125 በርሜል። ለገበሬ «10 ሚሊ ሜትር» ከማለት «ማሳህ ላይ 125 በርሜል ውሃ ፈሰሰ» ማለት ይገባዋል።

ወደ አርባ ምንጭ ስመጣ ደግሞ ከሁሉ በፊት የተናወጠብኝ «ክረምት» የሚለው ቃል ነው። ወሎ ላደገ ሰው ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዶፍ፣ ጭቃ፣ የሞላ ወንዝ። እዚህ ግን ዋናው ዝናብ የሚጥለው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፤ ከዚያ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይመለሳል። አንድ የጋሞ ደጋ ልጅ የሆነ የዶርም ጓደኛዬ «እናንተ በጋ በምትሉት ጊዜ እኛ ጋ እየዘነበ ነው» ብሎ ሲስቅብኝ ነበር። ልክ ነው። በአገር አቀፍ አቆጣጠር በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ስሞቹ ለሁሉም አንድ ናቸው፤ ዝናቡ ግን አንድ አይደለም። ምክንያቱም ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱት ነፋሳት የሚገናኙበት የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን እየተከተለ ይወጣል ይወርዳል። ወደ ሰሜን ሲያልፍ አንድ ጊዜ፣ ወደ ደቡብ ሲመለስ ሌላ ጊዜ በደቡብ ኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ስለዚህ ለቤተሰብ «ክረምቱ ገባ ወይ?» ብላችሁ ስትደውሉ የየትኛውን አገር ክረምት እንደምትጠይቁ እወቁ።

የአየር ሁኔታና የአየር ንብረትም እንዲሁ ይምታታሉ። አርባ ምንጭ ስትመደቡ ከባድ ብርድ ልብሳችሁን ቤት ጥላችሁ የመጣችሁት የአየር ንብረቱን ሰምታችሁ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ጃንጥላ ይዛችሁ የወጣችሁት የአየር ሁኔታውን አይታችሁ ነው። አንዱ የብዙ ዓመት ጠባይ ነው፣ ሌላው የዛሬ ፊት። ቦታም ይለውጠዋል። ከተማችን ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ጨንቻ ስትደርሱ ወደ 2,700 ሜትር ትወጣላችሁ። አየር ከፍ ሲል በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ጨንቻ ከእኛ ወደ 9 ዲግሪ ትቀዘቅዛለች። ከአባያና ከጫሞ በኩል የተነሳ እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱ ጠል ይሆናል፣ ጉምና ደመና ይሠራል። ጨንቻ መንገድ ላይ ጉም ውስጥ የገባችሁ ሁሉ ደመና ውስጥ ገብታችኋል፤ መሬት የነካ ደመና ነው ጉም የሚባለው።

ብዙ ተማሪ የሚፈራው የደመና ስሞችን ነው። ኩሙለስ፣ ስትራተስ፣ ሲረስ፣ ኒምበስ። ስሞቹን በ1803 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሉክ ሀዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ ቃላቱ ላቲን ናቸው። ፍቺያቸውን ስታውቁ ግን ፍርሃቱ ይጠፋል። ኩሙለስ ክምር ነው፣ ስትራተስ ንጣፍ፣ ሲረስ የጸጉር ጥቅል፣ ኒምበስ ዝናብ ያዘለ። ኩሙሎኒምበስ እንግዲህ ዝናብ ያዘለ ክምር ነው፤ መብረቅና በረዶ የሚመጣው ከእርሱ ነው። አባቴ ላቲን አያውቅም፤ «ደመናው ተከመረ፣ ከብቱን አስገቡ» ማለት ግን ከልጅነቱ ያውቃል።

ቁርኣን የቀራችሁ ደግሞ ሳታውቁት ግማሽ መዝገበ ቃላት ይዛችኋል። ሰማእ ሰማይ ነው፣ በርቅ መብረቅ ነው፣ በረድ በረዶ ነው። ሞንሱን የሚለው የሳይንስ ቃል ራሱ መውሲም ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ ወቅት ማለት ነው። ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ በእኛ አማርኛ በረዶ ከደመና የሚወርደውም ነው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም ነው፣ ፈረንጅ አገር የሚነጠፈውም ነው። ሪፖርት ስትጽፉ የትኛው እንደሆነ አስረዱ።

አንድ አዲስ ገቢ ወንድም ከመግሪብ በኋላ ያነሳብኝን ጥያቄም ልመልስ። «ትንበያ የሚለው ቃል ከነቢይ ሥር ነው የወጣው። ዝናብን የሚያወርደው አላህ ነው፤ የሉቅማን ምዕራፍ መጨረሻም ይህንን ከሩቅ ምስጢር ጋር ይቆጥረዋል። ታዲያ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?» ነበር ያለኝ። ቃሉ ከዚያ ሥር መውጣቱ እውነት ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። ትንበያ ምልከታ ነው፤ ሙቀትን፣ የአየር ግፊትን፣ እርጥበትን፣ ነፋስን ለክቶ ከሰበቡ ወደ ውጤቱ ማሰብ ነው። ሐኪም ትኩሳት ለክቶ «በሽታው ይህ ይመስላል» እንደሚለው ማለት ነው። «60 በመቶ ዕድል» የምንለውም ለዚህ ነው፤ ያ ቁጥር የዕውቀታችን ድንበር ነው። በእርግጠኝነት «ነገ አራት ሰዓት ላይ ይዘንባል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እሱን ተጠራጠሩ።

እነዚህ ቃላት የፈተና ነጥብ ብቻ እንዳልሆኑ የነገረን ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በጎረቤታችን ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራትቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የተሰበሰቡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነርሱን ያዘ። ወገንን ለማዳን መሮጥ የእኛ የኢትዮጵያውያን ጠባይ ነው። ለዚህም ነው «አፈሩ ውሃ ጠግቧል» የሚለው ቃል የሚያስፈልገው። ተዳፋት መሬት ውሃ ሲጠግብ አፈሩ ይከብዳል፣ መያያዣው ይላላል፤ አንዴ የተንሸራተተ ደግሞ ገና አልጨረሰም። ዝናቡ አባራ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም።

ደራሽ ጎርፍም እንዲሁ ነው። ኩልፎ ወንዝ ከጋሞ ደጋ ተነስቶ በከተማችን አልፎ ጫሞ ይገባል። ሲቀላ ላይ ሰማዩ ብራ ሆኖ ሳለ ተራራው ላይ ዶፍ ከጣለ ውሃው ደርሶ ሊይዛችሁ ይችላል። ወንዝ ዳር ልብስ የምታጥቡ፣ የምትዋኙ ልጆች፣ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አትመልከቱ፤ ወደ ተራራው ተመልከቱ። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና እንጨት ይዞ ከመጣ ልብሱን ትታችሁ ውጡ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጁሙዓ ኹጥባ ላይ ሳሉ ዝናብ እንዲለምኑ ተጠይቀው እንደለመኑ፣ ሳምንት ሙሉ እንደዘነበ፣ በቀጣዩ ጁሙዓ ደግሞ ንብረት ወደመ ተብለው ዝናቡ በላያችን ሳይሆን በዙሪያችን፣ ኮረብታውና ሸለቆው ላይ እንዲሆን ዱዓ እንዳደረጉ በሐዲስ ሰምተናል። ዝናብ ራሕመት ነው፤ መጠንና ቦታ ሲለወጥ ግን ያንኑ ዝናብ ሰው ይሸሸዋል። እኛ የምንማራቸው ቃላት ይህንን ልዩነት ለሰው የምናደርስባቸው ናቸው።

ዩኒቨርሲቲያችን በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው የጀመረው። እዚህ ግቢ ውስጥ ከየአገሩ የመጣን ልጆች ስለ ውሃና ስለ ሰማይ በእንግሊዝኛ እንማራለን፤ ከተመረቅን በኋላ ግን የምናወራው በአማርኛ፣ በጋሞኛ፣ በስልጥኛ፣ በኦሮምኛ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ደብተራችሁን ሦስት ቦታ አስምሩ። በመጀመሪያው ከመምህሩ የሰማችሁትን ቃል ጻፉ፣ በሁለተኛው አማርኛውን፣ በሦስተኛው እናታችሁ የምትለውን። ሦስተኛው ባዶ ከሆነ ለእረፍት ስትሄዱ ጠይቁ። ካፊያና ዶፍ፣ ጤዛና ውርጭ፣ ሽውታና ወጀብ ለየብቻ ስም ያላቸው ሰዎች ሰማይን ሲያዩ የኖሩ ናቸው፤ ብዙ ያስተምሯችኋል።

ዒልም አማና ነው። ሰው ያልገባው ማስጠንቀቂያ ገና አልደረሰም፤ እስኪገባው ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።