አጥር የሌለው መናፈሻ

አንባቢዎች ሆይ፤ ለሥራ ወደ ሩቅ ከተማ የተመደበ ሰው በመጀመሪያው እሑድ ምን የሚፈልግ ይመስላችኋል? እኔ አሶሳ እንደ ደረስሁ የፈለግሁት መናፈሻ ነበር። ቀርቀሃ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና፣ «አባባ፣ የከተማው መናፈሻ በየት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ሣቅ ብለው፣ «ልጄ፣ የቆምህበት ጥላ ምን ሊሆን ነው?» አሉኝ። ቀና ብዬ ባይ ከአንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር ቆሜአለሁ።

ከዚያም ከከተማው ወጣ ብለን ወደ ቀርቀሃው ዱር ወሰዱኝ። መታሰቢያ ይሆነኛል ብዬ አንዱን ለምለም ልቆርጥ ብቃጣ፣ እጄን ያዙኝ። «እሱ የዘንድሮ ነው፤ ተወው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደጋው ቀርቀሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን፣ ሽመል የሚባለው ይህ የቆላው ግን ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ነው። በክረምት ብቅ ያለው ቡቃያ በዚያው ክረምት ቁመቱን ይጨርሳል፤ ለሥራ የሚጠነክረው ግን ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ያን ጊዜ ቤትና አጥር፣ አልጋና ወንበር ይሆናል። ይልቁንም የሚያስደንቀው አሟሟቱ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ ጊዜ በጅምላ ያብብና ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። ዱሩ ተመልሶ የሚቆመው ከዚያ ዘር ነው። በዚያ ወራት እሳት ወይም ከብት የገባበት እንደ ሆነ ግን ተስፋው ተቆረጠ ማለት ነው።

ይህን ስሰማ እንጦጦ ትዝ አለኝ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የእንጦጦ ጽድ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ ሲመነምን፣ ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ተተከለ። ከመቶ ዓመት በኋላ በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፣ በ705 ሔክታር መሬቱ ላይ ያገሩን ዛፍ ወደ ቦታው ለመመለስ ይደክማል። አዲስ አበባ ካጠፋች በኋላ የምትፈልገውን፣ አሶሳ ገና ከደጇ አላት።

ሁለቱ ከተሞች ደግሞ የቆየ ዝምድና አላቸው። በአዲስ አበባ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአሶሳው ገዢ ከሼኽ ሆጀሌ ነው። ዘመድ ከዘመዱ ስሕተት ቢማር ነውር የለውም።

እንግዲህ እናንተ በትምህርት ቤትም በቢሮም ያላችሁ ጓደኞቼ፣ ቀርቀሃው ያበበበትን ዓመት መዝግቡ፤ ባበበም ጊዜ እሳትና ከብት እንዳይገባበት ከሽማግሌዎቹ ጋር ምከሩ። ይህን ለማድረግ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።