ቪሶትስኪ፤ መድረኩና ቴፑ

እ.ኤ.አ. በ1976 በሶቪየት ኅብረት የወጣ አንድ ፊልም ለኢትዮጵያዊ ተመልካች የተለየ ትርጉም አለው። ዳይሬክተሩ አሌክሳንደር ሚታ ሲሆን፣ ርዕሱም ዛር ጴጥሮስ ጥቁሩን ሰው እንዴት እንደዳረው የሚተርክ ተረት እንደ ማለት ነው። መሠረቱ ፑሽኪን ስለ ቅድመ አያቱ ስለ ኢብራሂም ሃኒባል መጻፍ ጀምሮ ሳይፈጽመው የቀረ ልብ ወለድ ነው። በሕፃንነቱ ወደ ቁስጥንጥንያ ተወስዶ ኋላ ዛሩ ቤተ መንግሥት የደረሰው ይህ ሰው የሐበሻ ልጅ ነው የሚለው እምነት በኢትዮጵያ ሥር የሰደደ ነው፤ አዲስ አበባም ለልጅ ልጁ ልጅ ለፑሽኪን አደባባይ እስከ መሰየም ደርሳለች። የሃኒባልን ትውልድ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ ካለ አገር የሚያደርጉ ተመራማሪዎችም ከጊዜ በኋላ ተነሥተዋል፤ ክርክሩም አልተዘጋም።

በፊልሙ ኢብራሂምን ሆኖ የተጫወተው ፊቱን ጥቁር ቀለም የተቀባ ነጭ ሩሲያዊ ነው። ይህ ለዛሬ ተመልካች ዐይን ይጎረብጣል፤ መጎርበጡም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከቀለሙ ሥር ያለው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ ሌላም ነገር ማየቱ አይቀርም። ገዥው የሚወደው፣ በማዕዱ የሚቀመጥ፣ ሆኖም ቤተኛ ተብሎ የማይቆጠር ሰው እንዴት እንደሚራመድና እንዴት እንደሚያቀረቅር ቭላዲሚር ቪሶትስኪን የሚያስተምረው አላስፈለገውም። ለዚሁ ፊልም ሁለት ዘፈኖች ደርሶ ነበር፤ ሁለቱም ሳይገቡ ቀሩ።

ቪሶትስኪ እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1938 ሞስኮ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የጦር መኮንን፣ እናቱ የጀርመንኛ አስተርጓሚ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ከአባቱና ከእንጀራ እናቱ ጋር ጀርመን አገር ተቀመጠ። ወላጆቹ ደህና ሙያ እንዲይዝ ስለ ፈለጉ የግንባታ ምሕንድስና ተቋም ገባ፤ ግማሽ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይቆይ ጥሎ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1956 የሞስኮ አርት ቴአትር ትምህርት ቤት ገብቶ በ1960 ተመረቀ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዩሪ ሊዩቢሞቭ ይመራው ወደነበረው የታጋንካ ቴአትር ሲቀጠር ቤቱን አገኘ። በዚያ የብሬሽትን ጋሊሌዮ፣ ኋላም የቼኾቭን ሎፓኺን ተጫወተ።

ዘፈኑ ግን ከትምህርት ቤት የመጣ አይደለም። ባለ ሰባት ክር ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ይቃኛል፤ የሚያውቃቸው የጊታር ምቶችም ብዙ አልነበሩም። ድምፁ የሻከረ፣ የተሰነጠቀ ነው። ሌላው ድምፃዊ አናባቢውን ሲያስረዝም እርሱ ተነባቢውን፣ «ር»ንና «ል»ን፣ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ይጎትታል። የዜማ መምህር ሰምቶት ቢሆን ኖሮ ይህን ጥፋት ብሎ በቀይ ባሰመረበት ነበር፤ አድማጩ ግን ሰውዬው የሚታገልበት ነገር እንዳለ ከዚያ ድምፅ ይረዳ ነበር።

የግጥሞቹም ጥበብ ያለው «እኔ» በሚለው ቃል ላይ ነው። በዘፈኑ ውስጥ «እኔ» የሚለው አንድ ጊዜ ከወህኒ የወጣ ሌባ፣ አንድ ጊዜ በምሽግ ያለ ወታደር፣ አንድ ጊዜ አዳኞች በቀይ ጨርቅ አጥር የከበቡት ተኩላ ነው። ጦር አውሮፕላን እንኳ በራሱ አንደበት አብራሪውን እያማረረ የሚናገርበት ዘፈን አለው። ተዋናይ ሆኖ ሳይማር ይህን መጻፍ ባልቻለ ነበር። ጦርነቱ አገሩን ሲወርር የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረውን ሰው፣ አሮጌ ዘማቾች በየትኛው ክፍለ ጦር እንደነበረ በደብዳቤ ይጠይቁት ነበር ይባላል።

ይህን ሁሉ ዘፈን ያሰራጨው ሬዲዮ አይደለም፤ ቴፕ ነው። ባለ ጥቅልል ቴፕ መቅረጫ በየቤቱ በገባበት በዚያ ዘመን አንዱ ከአንዱ ይቀዳ፣ ያም ለሌላው ያቀብል ነበር። ድምፁ በቅጂ ብዛት እየደበዘዘ፣ ዘፈኑ ግን እየገነነ ከሞስኮ እስከ ሩቅ ምሥራቅ የማዕድን ከተሞች ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1967 «ቬርቲካል» የተባለው የተራራ ወጪዎች ፊልም ተዋናይነቱንም ዘፈኑንም በአንድነት ለሕዝብ አሳየ፤ በማግሥቱ ዓመትም ሜሎዲያ የተባለው የመንግሥት ድርጅት ከዚያ ፊልም የተወሰዱ ዘፈኖቹን በአንዲት ትንሽ ሸክላ አወጣ። በዚያው በ1968 «ሶቪየትስካያ ሮሲያ» የተባለው ጋዜጣ ስለ ምን ነው የሚዘፍነው ብሎ ወረደበት። ጋዜጣው ከጠቀሰበት ዘፈኖች መካከል እርሱ ያልደረሳቸው፣ የሌሎች ሰዎች ሥራዎች ነበሩ። የሚተቹትን ሥራ ማን እንደ ጻፈው ሳያጣሩ ብዕር ማንሣት ክፉ ልማድ ነው።

በይፋ ደራሲም ድምፃዊም አልነበረም፤ የቴአትር ቤት ደመወዝተኛ እንጂ። በየፋብሪካውና በየምርምር ተቋሙ ሲዘፍን ዝግጅቱ ብዙ ጊዜ «ከተዋናዩ ጋር የሚደረግ ውይይት» ነበር የሚባለው። ከስድስት መቶ በላይ ዘፈንና ግጥም የደረሰ ሰው በሕይወት እያለ አንድ የግጥም መጽሐፍ እንኳ ሲታተምለት አላየም።

የመድረኩ ቁንጮ ሐምሌት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1971 የታየውን ያን ዝግጅት ያዩ ሁሉ አስቀድመው የሚያወሱት መጋረጃውን ነው፤ ከወፍራም ሱፍ የተሠራ፣ እየተንቀሳቀሰ ሰውን የሚጠርግ፣ የሚሸሽግና የሚያጋልጥ ግዙፍ መጋረጃ። ተመልካቹ ገብቶ ቦታውን ሲይዝ ልዑሉ በመድረኩ ጥግ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጥቁር ለብሶ ጊታሩን ይነካካል። ከዚያም ተነሥቶ የፓስተርናክን «ሐምሌት» የተሰኘ ግጥም በዜማ ያሰማል። ግጥሙ የተገኘበት «ዶክተር ዢቫጎ» በአገሪቱ ገና አልታተመም ነበር። በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ ሐምሌትን ያነበበ ሰው የዴንማርኩ ልዑል ጊታር ይዞ መምጣቱ ሊያስደንቀው ይችላል፤ ታጋንካ ግን ይህን ለማስደነቅ ብሎ አላደረገውም። ንጉሡ ባለበት አዳራሽ እውነት መናገር ያለበት ሰው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ ነበር።

ብዙኃኑ በፊቱ ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1979 በቴሌቪዥን በታየው ባለ አምስት ክፍል ፊልም ነው። ከጦርነቱ ማግሥት በነበረችው ሞስኮ የወንጀል መርማሪ የሆነው ዤግሎቭ የሌባውን ጥፋት ለማረጋገጥ ብሎ ቦርሳውን መልሶ ኪሱ ውስጥ ይከትበታል። ወጣቱ ባልደረባው ይህን አይቀበልም፤ ተመልካቹም እስከ ዛሬ በሁለት ተከፍሎ ይከራከርበታል። እዚህም ዘፈኖቹ አልገቡም። የዳይሬክተሩ የጎቮሩኺን ምክንያት ግን ሌላ ነበር፤ ቪሶትስኪ የራሱን ዘፈን ከዘፈነ ዤግሎቭ ይጠፋል የሚል ነበር። ለዚህ እንኳ እውነት አለው።

መጠጡንና ኋላ የያዘውን የሞርፊን ሱስ ሸሽጎ ማለፍ ለማንም አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 18 ቀን 1980 ለመጨረሻ ጊዜ ሐምሌትን ተጫወተ፤ በሳምንቱ፣ ሞስኮ የኦሊምፒክ ጨዋታ በምታስተናግድበት ሰሞን፣ በ42 ዓመቱ ሞተ። ጋዜጦቹ አጭር ማስታወቂያ ብቻ አወጡ። ሕዝቡ ግን የቲኬት መሸጫው መስኮት ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ሰማና አደባባዩን ሞላ። በ27 ሊታይ ለነበረው ሐምሌት ቲኬት የገዙት ገንዘባቸውን እንዲመልሱ ቢጠሩም አንድም ሰው አልመጣም ይባላል።

«ነርቭ» የተሰኘው የመጀመሪያው የግጥም መድበሉ እ.ኤ.አ. በ1981 በገጣሚው በሮበርት ሮዥዴስትቬንስኪ አዘጋጅነት ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ የሶቪየት ኅብረት የመንግሥት ሽልማት ተሰጠው። ውሳኔው ሽልማቱ የተሰጠው ለዤግሎቭ ገጸ ባሕርይና ለደረሳቸው ዘፈኖች፣ ራሱ ዘፍኖ ላቀረባቸውም ጭምር እንደሆነ ይገልጻል።