የግራ ታኮ

ሰውን በፊቱ አየሁት፣ በንግግሩ መዘንኩት የሚል ብዙ ነው። ጫማ ሰፊ ግን እዚህ ውስጥ የለበትም። ደንበኛው ገና በረንዳው ላይ ሳይደርስ ዓይኑን የሚጥለው ታኮው ላይ ነው። የታኮው የኋላ ውጫዊ ጠርዝ ከተበላ ደኅና ነው፤ አብዛኞቻችን ስንራመድ መጀመሪያ መሬት የምንነካው በዚያች ጠርዝ ነውና። የውስጡ ጠርዝ ካለቀ እግሩ ወደ ውስጥ ይጋደማል ማለት ነው። አንዱ ታኮ እንዳለ ሆኖ ሌላው ብቻውን ካለቀ ግን ነገር አለ፦ ወይ ሰውየው ሸክሙን ሁልጊዜ በአንድ ትከሻ ይይዛል፣ ወይ ወገቡን ታሟል፣ ወይም አንደኛው እግሩ ከሌላው ያጥራል።

ይህን ትምህርት ያገኘሁት ከጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ አይደለም። ክብረ መንግሥት ገበያ ዳር፣ በአንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ዕድሜያቸውን ከጨረሱ አንድ ሽማግሌ ነው። ስሜን እንዳታነሣ ስላሉኝ እዚህም ሽማግሌው እያልኩ እቀጥላለሁ። የሽማግሌውን ሣጥን ብትከፍቱት ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው የሚናገረው። ወስፌው፣ መዶሻው፣ ሞረዱ፣ ጉጠቱ የእኛ፤ ታኮው፣ ሶላው፣ ጎማው፣ ብሎኑ፣ ዳዶው፣ ላሜራው፣ ፒንሳው የእነርሱ። ሊስትሮ የምንለው ስም ራሱ ከዚያው ነው የመጣው።

ታኮ ግን ለጣሊያንም ቢሆን እንግዳ ነበር። ነገሩ የተጀመረው በፋርስ ፈረሰኞች ነው ይባላል። ፈረሰኛው በእርካቡ ላይ ቆሞ ቀስት ሲወረውር እግሩ እንዳይሾልክ ከጫማው ሥር ጉብታ አደረገ። ወደ አውሮፓ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲሻገር ፈረሱ ቀረና ጉብታው ብቻውን ጌጥ ሆነ፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ቀይ ታኮ አድርጎ የተሣለው ምስል እስከ ዛሬ አለ። የእኛ ፈረሰኛ ደግሞ እርካቡን በአውራ ጣቱ ነበር የሚቆነጥጠው። ለዚህ ነው መሰለኝ አገሩ ሙሉ ፈረሰኛ ሆኖ ሳለ ታኮ የሚባል ነገር ያልፈለሰፈው። ከክብረ መንግሥት በዋደራ አድርጋችሁ ወደ ነገሌ ስትወርዱ ከብት የሚነዳው ጎረምሳ ዛሬም ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ አጥልቆ ታገኙታላችሁ። ታኮ የለውም፤ አይቸግረውምም።

ከተሜው ነው የተቸገረው። የክብረ መንግሥት አፈር ቀይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ከእግር ያወልቃል፣ በጋ ሲሆን ደግሞ ጠጠሩ እንደ ሞረድ ይበላል። በዚህ ላይ ወርቅ አጣቢው አለ፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ የቆመበትን ጫማ ማታ ከተማ ለብሶት ይወጣል። ከነገሌ የሚመጣውን አሮጌ ከስክስም አትርሱ። የነገሌ ቦረና ወታደር በጥር 1966 ዓ.ም. በምግብና በውሃ ጉዳይ አምፆ የአብዮቱን ክር ከተረተሩት አንዱ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ስለ ጫማው አቤት ማለቱን ግን አልሰማሁም። ሽማግሌው ምክንያቱን እንዲህ ብለው ነግረውኛል፦ «የድሮ ከስክስ ታኮው ሲያልቅ ይቀየራል። ጫማው ሰውየውን ይቀብራል እንጂ ሰውየው ጫማውን አይቀብርም።»

ይህን ስሰማ ነው ጉዳዩ የገባኝ። ተቀያሪ ታኮ አዲስ ነገር አይደለም። ዱሮ በቆዳ ሶላ የተሰፋ ጫማ ሁሉ ታኮው ተቀያሪ ነበር። የታኮው ሆድ ተደራርቦ የተመታ ቆዳ ነው፤ መሬት የሚነካው የመጨረሻው ንጣፍ ብቻ ነው። እርሱ ሲያልቅ ሽማግሌው በጉጠት ይነቅሉታል፣ ከመኪና ጎማ ሌላ ቆርጠው በማስቲሽና በሚስማር ይመቱታል፣ ዳሩን በቢላዋ ይከረክሙታል፣ አለቀ። ዛሬ ገበያውን የሞላው ጫማ ግን ሶላውና ታኮው በአንድ ቅርጽ ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ሲቆርጡት ውስጡ እንደ ንብ ቀፎ ባዶ ባዶ ነው፤ ሚስማር የሚይዝበት ሥጋ የለውም። ከፖሊዩሬቴን የተሠራው ደግሞ ይባስ ብሎ ሳይለበስ እንኳ በእርጥበት ብቻ እያደር ይፈረፈራል። ለሠርግ ተብሎ ሣጥን ውስጥ የከረመ ጫማ ሙሽራው ሦስት እርምጃ ሳይራመድ ሶላው መሬት ላይ ሲቀር ያያችሁ ትኖራላችሁ። ጎማውም ቢሆን እንደ ዱሮው አይደለም። የቀድሞው የጭነት መኪና ጎማ ውስጡ ክር ነበር፤ ቢላዋ ይበሳዋል። የዛሬው ሽቦ አለበት፣ ቢላዋ ያበላሻል፣ አልፎ አልፎም ተረከዝ ይወጋል።

ይህ ሁሉ ለሌላው ሰው የኪስ ጉዳይ ነው። ለእህቴ ግን የመራመድና ያለመራመድ ጉዳይ ሆነ።

እህቴ በልጅነቷ ከዛፍ ወድቃ የግራ ጭኗ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረው፤ አጥንቱ ገጠመ፣ ግን ተደራርቦ ነው የገጠመው። ስታድግ ግራ እግሯ ከቀኙ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አጠረ። ይህን ያህል ልዩነት ከጫማ ውስጥ በሚገባ ንጣፍ አይሸፈንም፤ ከ1 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ተረከዝ ከጫማው ይወጣል። የግድ ከውጭ፣ ከታኮው መጨመር አለበት። ሽማግሌው ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የግራ ጫማዋን ሲያሳድጉላት ኖሩ፤ ፊቱን በስስ ጎማ ከፍ ያደርጉታል፣ ታኮውን በቆዳ ላይ ቆዳ ይደራርቡበታል። አንድም ቀን «እግሯ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። «ጫማው አጥሯል» ነው የሚሉት።

አስተማሪ ሆና ነገሌ ከተመደበች በኋላ ጫማዋ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ይመላለስ ጀመር። አዲስ ጫማ በገዛች ቁጥር ያው ሥራ ከሥሩ ይጀመራል። ከዚያ በቆዳ ሶላ የተሰፋ ጫማ ከገበያ እየጠፋ፣ ካለም ከአስተማሪ ደመወዝ እየራቀ መጣ። አንድ ክረምት ሽማግሌው ጫማዋን መለሱላት። «ልጄ፣ ይኸ የሚይዝ ነገር የለውም» አሏት። በዚያ ዓመት ለሁለት ወር ያህል በቆሎ እንደተሸከመች ሴት ወደ ጎን እየተጋደመች አስተማረች፤ ወገቧ ታመመ፤ የተማሪ ወላጆች «ምነው አመማት?» ይሉኝ ጀመር።

ሽማግሌው ግን አልተኙም ነበር። የመጀመሪያው ሐሳባቸው ቀላል ነው፦ ጫማው ውስጥ ከንጣፉ ሥር ላሜራ፣ ከውጭ በኩል ሌላ ላሜራ፣ መሐል ያለውን ቀፎ በጎማ ቁራጭ ሞልቶ ሁለቱን በአራት ብሎን ማጣበቅ። ከዚያ ታኮውን ለብቻው ሠርቶ ከታች በአንድ ረጅም ብሎን ማሰር። ጫማ ስትቀይር ታኮውን ፈትታ ወደ ሌላው ትወስደዋለች። አንድ ታኮ፣ ብዙ ጫማ። ነገር ግን አንድ ብሎን ያሰረው ነገር ይዞራል፤ ታኮው በሳምንቱ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ። የብሎኑም ራስ መሬት እየነካ አልቆ መፍቻ የሚይዘው ጠፋ።

በነገራችን ላይ ይኸ መዞር በእንግሊዝ አገር እንደ ጥቅም ተቆጥሮ ነበር። ከዛሬ መቶ ዓመት በፊት ክብ የጎማ ታኮ በመሐሉ በአንድ ብሎን ታስሮ ይሸጥ ነበር፤ አንዱ ጠርዝ ሲያልቅ ዞር ይደረጋል፣ ዙሪያው እኩል ያልቃል። የጎማ ታኮን በአሜሪካ በባለቤትነት ያስመዘገበው ደግሞ ሃምፍሪ ኦሱሊቫን የተባለ አየርላንዳዊ ስደተኛ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1899። እንደሚተረከው ሰውየው የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ መቆም ቢያደክመው የጎማ ምንጣፍ አምጥቶ ቆመበት። ባልደረቦቹ ምንጣፉን እየወሰዱ ቢያስቸግሩት ከምንጣፉ በታኮው ልክ ቆርጦ ጫማው ላይ መታው። በእኛ ዘመንም ፓሪስ ውስጥ ታንያ ሂዝ የተባለች ካናዳዊት ሴቶች ቀን ዝቅ ያለ፣ ማታ ከፍ ያለ ታኮ እየቀያየሩ የሚለብሱት ጫማ አውጥታለች። ይህን ለሽማግሌው ባወራቸው «ሁለቱም እግር እኩል ከሆነ ምን አስጨነቃት?» አሉኝ።

ሁለተኛው ሙከራ ተንሸራታች ነው። የውጪውን ላሜራ ግራና ቀኝ ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፈው ሐዲድ አደረጉት፤ ታኮውም በራሱ ላይ ላሜራ ኖሮት ከኋላ በኩል እንደ መሳቢያ ይገባል። ታኮውን መጀመሪያ ከወይራ ሠሩት፤ ከበደ። ከዝግባ ሠሩት፤ ተሰነጠቀ። ዋንዛ ተስማማ፤ ቀላል ነው፣ ሲመታም ቶሎ አይሰነጠቅም። ከሥሩ የጎማ ንጣፍ አለው፣ ሲያልቅ እርሱ ብቻ ይቀየራል። እህቴ ደስ ብሏት ሄደች። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታኮው መንገድ ላይ ቀረ። ወጥቶ መውደቁን ያወቀችው ከወደቀች በኋላ ነው።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ አንድ ሳምንት ሙሉ የሰው አካሄድ ሲያዩ ሰነበቱ። ያገኙት ነገር ከመጽሐፍ ባነበው ኖሮ ይህን ያህል አይገርመኝም ነበር። ሰው ሲራመድ ተረከዙ መሬት በሚነካበት ቅጽበት መሬቱ ጫማውን ወደ ኋላ ነው የሚገፋው፤ ፍሬን እንደያዘ ጎማ ማለት ነው። እንግዲያው ከኋላ የገባ ታኮ በየእርምጃው ወደ ኋላ እየተጎተተ መውጣቱ የማይቀር ነው። ሐዲዱን አዞሩት። ታኮው ከፊት፣ ከእግር መሐል ጎድጓዳ በኩል ገብቶ ወደ ኋላ ይሄድና ከኋላ ያለው መቆሚያ ይይዘዋል። በየእርምጃው ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ወደ ፊት እንዳይሾልክ አንዲት ትንሽ ቪቴ ትበቃዋለች፤ እርሷም መሬት አትነካም። እህቴ ይህን ታኮ ለሁለት ክረምት ለብሳዋለች። ጭቃ ሲገባበት በጥርስ ብሩሽ ታጥበዋለች።

እዚህ ላይ ታሪኩ በደስታ ማለቅ ነበረበት። ጠቡ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው።

እህቴ ከምታስተምራቸው ልጆች አንዱ በዱላ ተደግፎ የሚሄድ ነበር። እንደ እርሷ እግሩ ያጠረ። ነገሌ ያሉ ጫማ ሰፊዎች ይህን ሐዲድ ቢማሩ ብላ ሽማግሌውን ለመነች። «አይሆንም» አሏት። እኔም መሐል ገባሁ። ሽማግሌው ንፉግ ሰው አይደሉም፤ የእርሷን ሥራ ግማሹን በነፃ ነው የሠሩት። ግን እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ የምኖረው ጫማ ሲበላሽ ነው። ሰው ታኮውን ራሱ እየነቀለ ራሱ ከተከለ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? አንተ የጻፍከውን ሌላው በስሙ ቢያወጣው ዝም ትላለህ?» መልስ አጣሁ። አባታቸው ቆዳ የሚያለፉ ሰው ነበሩ፤ «ፋቂ» እየተባሉ ጎረቤት ቡና ሳይጠራቸው የሞቱ። እጃቸው ያወቀውን በነፃ ስጡ ማለት ለእኔ ይቀላል።

እኔ የታየኝ መፍትሔ ወረቀት ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ከትልልቁ ፈጠራ ሌላ «አነስተኛ ፈጠራ» የሚባል ነገር ያውቃል፤ ምስክር ወረቀቱ ለ5 ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል። ለእርሳቸው የተጻፈ ነው የሚመስለው። አስረዳኋቸው። ጸጥ ብለው ሰምተው ጠየቁኝ፦ «ነገሌ ያለው ቢሠራው ማነው አይቶ የሚነግረኝ?» ማንም አልኳቸው። «ቢነግሩኝስ ልከሰው ነው? በምን ገንዘብ?» ሕጉ መኖሩ ጥሩ ነው፤ እቃወማለሁ አልልም። ግን አዲስ አበባ ያለ ሕግ ክብረ መንግሥት ገበያ ዳር እስኪደርስ ጫማው እንደሚያልቅ ሽማግሌው ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። በጎማ ሶላ ዓለምን የዞረች ሰው እንዳለች ነገርኳቸው፤ ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው ሶል ሬብልስ ያንኑ በረባሶ ነው አሳምሮ ውጪ አገር የሸጠው። «እርሷ ጎበዝ ናት፤ ዕድሜም አላት» አሉ።

ጉዳዩን የቋጨው የእኛ ክርክር ሳይሆን ዓይናቸው ነው። የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ጀመረው። ሐዲዱ በሚሊ ሜትር ከሳተ ታኮው ወይ አይገባም ወይ ይንገጫገጫል። አንድ ቀን ለእህቴ የሠሩት ታኮ ሳይገባ ቀረ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። እህቴ ለእረፍት ስትመጣ አንድም ቃል ሳትናገር ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር አውጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። እርሳቸው እየዳሰሱ ይነግሯታል፣ እርሷ ትለካለች፣ ትሥላለች። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። በመጨረሻ ደብተሩን አገላብጠው ሊያዩት ሞከሩና «ለልጁ ሥሪለት» አሏት። ነገሌ ላሉት ጫማ ሰፊዎች አሳዪ አላሉም፤ አታሳዪም አላሉም።

ባለፈው ሐምሌ ሦስት የግራ ታኮ አዝዛቸው ነበር። በአውቶቡስ ረዳት እጅ የደረሳት ሁለት ነው። ከሁለቱ ጋር አንድ ያልተቆረጠ የዋንዛ ቁራጭ፣ ሁለት የታጠፈ ላሜራና ሽማግሌው ለዓመታት የሠሩበት ቢላዋ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር።