በሀዋታ ኩሬ ዳር

በጦር ሰፈራችን ከሚያድጉት ሕፃናት አንዱ፣ ሰዎች ከአንድ ግዙፍ የውሃ እንስሳ ጎን ሲዋኙ የሚያሳይ ሥዕል ተመልክቶ፣ «እኛስ እንዲህ የምንዋኝበት ወንዝ የለንምን?» ሲል ጠየቀን። በሥዕሉ ላይ ያለው ማናቲ ነው፤ ሣር በል፣ ዝግተኛና ገራም እንስሳ። አፍሪቃዊው ዝርያ ከሴኔጋል እስከ አንጎላ ባሉት ወንዞች ይኖራል፤ በዓባይ ግን የለም። ለእኛ የሚቀርበው ዘመዱ ዱጎንግ ሲሆን፣ እርሱም በቀይ ባሕር፣ በሱዳኑ የዱንጎናብ ወሽመጥ የባሕር ሣር ይግጣል። ለልጁ የነገርነው ግን የሀዋታን ነገር ነበር።

ወደ ሀዋታ የሄድነው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከመነሣቱ አስቀድሞ፣ በበጋ ወራት ነው። ከመተማ ተሻግረን ገዳሪፍ አደርን፤ በማግሥቱም ማሽላው የታጨደበትን ጥቁር ሜዳ በጭነት መኪና አቋረጥን። ስለ አቧራው አንናገርም፤ የቀመሰው ያውቀዋል።

በሀዋታ የሚያልፈው የራሀድ ወንዝ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከጣና በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ይነሣል፤ በአገራችን ሽንፋ እየተባለ ወርዶ፣ ድንበር ሲሻገር ስሙን ይለውጣል፤ በመጨረሻም በዋድ መዳኒ አቅራቢያ ከዓባይ ይቀላቀላል። በክረምት ግንድ እያንከባለለ የሚያልፈው ይህ ወንዝ፣ በበጋ ፍሰቱ ተቋርጦ የተነጣጠሉ ኩሬዎች ብቻ ይቀሩታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ74 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት በሽንፋ ዳር የሰፈሩ ሰዎች በደረቁ ወቅት ከእንዲህ ዓይነቶቹ ኩሬዎች ዓሣ እያጠመዱ ይመገቡ ነበር። የኩሬው ጥቅም ለሰው ብቻ አለመሆኑን ግን በቦታው ስንደርስ ዘነጋነው።

ቀትር ነበር። ውሃው ጸጥ ብሏል፤ በማዶ ዳር አንድ ግንድ ተጋድሟል። ከመካከላችን በዋና የሚመካው ጓደኛችን ሸሚዙን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ገባ። እኛም የጫማችንን ማሰሪያ በመፍታት ላይ ነበርን፤ እውነቱን ለመናገር ማን ይቀድማል እያልን እንፎካከር ነበር። በዚህ ጊዜ መረባቸውን ይጠግኑ የነበሩ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ «ያ አውላድ!» ብለው ጮኹ፤ «ልጆች» ማለታቸው ነው። ዐረብኛ የሚያውቀው ባልደረባችን እየተረጎመልን፣ «ወንዙ ሲሞላ አዞው ስፍራው ብዙ ነው፤ አሁን ግን ያለው ይህችው ኩሬ ናት። ዓሣውም፣ ከብቱም፣ እናንተም የምትመጡት እርሱ ወዳለበት ነው» አሉን። ቀጥለውም ሱሪያቸውን ሰብስበው ባታቸውን አሳዩን። ከሥጋው እፍኝ የሚያህል ጎድሏል።

ጓደኛችን ወደ ኋላ እየተራመደ ወጣ፤ ፊቱን ከውሃው አላዞረም። አዛውንቱ በዚህም አላበቁም። የረጋ ውሃ ቢልሃርዚያ እንደሚያስይዝ፣ የቀንድ አውጣ ዘር በሚበዛበት ዳር መቆምም ደግ እንዳልሆነ ነገሩን። ከዚያ ከጉድጓድ የተቀዳ አንድ ጀሪካን ውሃ ሰጡን፤ ከግራር ጥላ ሥር በጣሳ እየተቃዳን ታጠብን። ዋጋ ብንሰጣቸው አልተቀበሉም፤ ሻይ ግን አብረውን ጠጡ።

ልጁ ይህን ሁሉ በጥሞና ካዳመጠ በኋላ፣ «አዞውን ግን አያችሁት?» አለን። አየነው ለማለት አንደፍርም። ሻዩን ጠጥተን ዕቃችንን ስናነሣ ግን፣ በማዶ ዳር የነበረው ግንድ በስፍራው አልነበረም።